ጋሽ ጀማል የጠረጉት ግማሽ

ሀዊ የደወለችልኝ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ኤደን ፕሬሪ፣ ድራይቭ እያደረግሁ ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ «ሀዊዬ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳት። ሆስፒታል ስለተኙት አባቷ፣ ስለ ጋሽ ጀማል፣ መጠየቄ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ለተወለደ ልጅ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን ያስተምረዋል? በእኛ አገር ቢሆን ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። እሷ ግን ነርስ ናትና መጀመሪያ ያሰበችው ለእኔው ነው መሰለኝ፣ «አስቴር፣ ፕሊስ፣ መኪናውን አቁሚ» አለችኝ። ያኔ ገባኝ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። በረዶው ይወርዳል፣ መጥረጊያው ከመስታወቱ ላይ ይገፈዋል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ሲወጣልኝ ሱፐርቫይዘራችን ጋ ደወልኩና ሐዘን ደርሶብኛል፣ ዛሬ አልገባም አልኩት። ማን ሞቶብሽ ነው ሲለኝ «አባቴ» አልኩት። ውሸት ነው፣ ግን ያን ያህልም ውሸት አይደለም።

ሙስሊም ቀብር አያዘገይም። በዚያው ቀን ከሰዓት ፊሊፕስ ሰፈር ባለው መስጊድ ተሰገደባቸው። ነጠላዬን ተከናንቤ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ወገቤን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችኝ። መስጊድ ስገባ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጉድ ስለሆነ ጊዜው ሲደርስ አወራዋለሁ።

የሞተን ሰው ማመስገን ልማዳችን ነው። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ጋሽ ጀማል አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። ኤደን ፕሬሪ በሚገኝ ባለ አራት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረን አጽድተናል፤ ከአሥራ አንዱ ዓመት ስድስቱን ያህል ተኳርፈናል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እሳቸው የባሌ ሰው፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገርበት፣ ሰላታቸውን የማያሳልፉ። እኔ ደግሞ የጉለሌ ልጅ፣ ጾም የማላፈርስ፣ ምላሴ ከእጄ የሚቀድም። የመጀመሪያ ቀን ሎቢውን ቶሎ ልገላገለው ብዬ ቫኪዩሙን ከወዲያ ወዲህ ሳንጋጋው ድንገት ድምፁ ጠፋ። ዞር ስል ጋሽ ጀማል ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው ይዘውታል።

«ማን ያባርርሻል?» አሉኝ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ክፍሉን በዓይናቸው ለሁለት ይከፍሉታል። ከበሩ እስከ ሊፍቱ ድረስ አንድ መስመር ይታያቸዋል፤ ለእኛ አይታየንም። መጀመሪያ ቀኙን ግማሽ ብቻ ይጠርጋሉ። ግራው ላይ ዝሆን ቢተኛ ቀና ብለው አያዩትም። ቀኙ ሲያልቅ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ። ከዚያ ተነሥተው ግራውን ይይዛሉ። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ሱፐርቫይዘሩም መስሎት ነበር። «ሙሉውን ያየ ገና ሳይጀምር ይደክመዋል» ይሉኛል፤ «ግማሹን ብቻ እዪ። ሌላው ግማሽ የትም አይሄድብሽም።»

ቆሻሻ ከደጃፍ አሻግረው አይጠርጉም ነበር። በረከት አብሮ ይወጣል ይላሉ። ከመድረኩ ወዲህ ሰብስበው፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያነሡታል። እኔ የጠረግሁትን ሲያዩ ደግሞ አይናገሩም፤ ጠቋሚ ጣታቸውን በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ ያስኬዱና አቧራውን ዓይኔ ሥር ያመጡታል። በቃ። ያቺን ጣት እንዴት እጠላት እንደነበር! አሁን ግን ቤቴን ስወለውል ያቺ ጣት ትመጣብኛለች።

ምሳ ላይ የምንስማማው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። የእሳቸውን ሥጋ እኔ አልበላም፣ የእኔን እሳቸው አይበሉም፤ አያት ቅድመ አያቶቻችን እንደዚያው ኖረዋል፣ እኛም እዚህ ድረስ ይዘነው መጥተናል። በጾም ቀን ግን ሽሮዬ ከእሳቸው ቴምር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ማዕዳችን በሥጋ ቀን የየራሳችን፣ በጾም ቀን የጋራችን ነው እያልን እንሥቅ ነበር።

ስለ ስለቱ የነገሩኝ እንዲህ ባለ አንድ ረቡዕ ነው። ለገብርኤል የተሳልኩት ጥላ ነበረብኝ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አጥቼ ስነጫነጭ ሰሙኝ። ሣቅ አሉ። «አንቺስ ጥላ ተሳልሽ» አሉኝ፤ «እኔ ጥላ ከየት አምጥቼ? ክንዴን ነው የተሳልኩት።»

ወጣት ሆነው አገሩ ሲታመስ በሞያሌ በኩል በእግራቸው ወጥተዋል። ወረቀት አልነበራቸውም፤ ናይሮቢ ላይ ፖሊስ ሲያሳድዳቸው፣ መርከብ ሰው ይጭናል የሚል ወሬ ሰምተው ወደ ሞምባሳ ወረዱ። መርከቡ ቀርቶ ወባ ያዛቸው። የወደቁት ከአንድ የሕንዶች ቤተ መቅደስ አጥር ሥር ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ ሴቶች ሩዝና ምስር በብረት ሰሃን እያመጡ አበሏቸው። «ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም» ይሉ ነበር። ሲሻላቸው በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ሄዱ። ማሊንዲ ላይ ዝናብ ያዛቸውና አንዲት የሣር ክዳን ያላት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠባቂዋ አሳደራቸው፤ አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ክረምት። መጨረሻ ላሙ ደሴት ደረሱ። እዚያ ያለ የአንድ አሮጌ መስጊድ ሰዎች ልብሳቸውን አጥበው፣ ጀልባ ላይ ጭነት የመጫን ሥራ ፈልገው ሰጧቸው። ከሦስቱም ቤቶች ሲለዩ የሚሰጡት አልነበራቸውም። እናም «ያ አላህ፣ ካኖርከኝ ተመልሼ የሦስቱንም ግቢ በእጄ እጠርጋለሁ» ብለው ተሳሉ።

ከዚያ ሚኒሶታ፣ ልጆች፣ ሁለት ሥራ፣ የባለቤታቸው ሕመም፣ የባለቤታቸው ሞት። ሠላሳ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን እዚሁ መስጊድ ለአንድ ሸኽ ጉዳዩን ቢያወሯቸው፣ ስለት ለአላህ ብቻ ነው፣ ለጣዖት ቤት ስለት የለም አሏቸው። ጋሽ ጀማል ምን ብለው እንደመለሱ ስንቴ ነግረውኛል! «እኔም የተሳልኩት ለአላህ ነው። ጠረጋው ግን ላጎረሱኝ ነው።»

ከሁለት ዓመት በፊት ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ ከባድ ነገር አያንሡ፣ ብቻዎን ሩቅ አይሂዱ አላቸው። እሳቸው የሰሙት ጊዜዎ አጭር ነው የሚለውን ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ሞምባሳ ካልሄድኩ አሉ። ሀዊ ከሥራዋ ፈቃድ አጥታ እኔ ጋ መጣች። ከእሷ ጋር ስናወራ እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ነው። እሱ አንቺን ይሰማል፣ እባክሽ አብረሽው ሂጂ አለችኝ። እሱ እኔን ይሰማል! አሥራ አንድ ዓመት ቃሌን ሰምተውኝ አያውቁም። ግን የዚያች ልጅ ዓይን አንጀቴን በላው። አዲስ አበባ ለመሄድ የያዝኩት ዕረፍት ነበረኝና አንዱን ሳምንት ሰጠኋቸው።

የማኅበሬ ሴቶች ወሬ ደግሞ! አስቴር ሽማግሌ ይዛ ውቅያኖስ ዳር ልትዝናና ሄደች ተባለ። ይሁን። እኔም ለጋሽ ጀማል ገና ከመነሣታችን በፊት ቁርጡን ነገርኳቸው። አጅባለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ አውጣለሁ፣ ሻንጣ እሸከማለሁ፤ መስጊድም ሆነ የሕንድ መቅደስ ግን ደጃፍ ላይ እቆማለሁ እንጂ አልገባም። «እሺ፣ ጫማ ጠባቂ ትሆኛለሽ» አሉኝ።

ከሩቁ ጀመርን። ላሙ መኪና የለም፤ አህያና ሰው ጎን ለጎን የሚተላለፉባቸው ቀጫጭን መንገዶች ናቸው። ሙቀቱ ከባሕሩ ጋር አብሮ ይተነፍሳል። ጋሽ ጀማል ከገበያ ከኮኮናት ቅጠል የተሠራ መጥረጊያ ገዝተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ነጭ ግድግዳና የተቀረጸ የእንጨት በር ወዳለው አሮጌ መስጊድ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ደክሞኛል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፣ ከውስጥ የመጥረጊያው ድምፅ ይሰማኛል። የዚያን ጊዜ እጄ የለመደውን ሠራ። አማተብኩ፤ ጎንበስ አልኩና የመስጊዱን መቃን ተሳለምኩ። ሳምኩት እንጂ! ሦስቴ!

ቀና ስል ሁለት ጢማሞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ጋሽ ጀማል መጥረጊያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ይሥቃሉ። ሽማግሌዎቹ ምንድነው ብለው በስዋሂሊ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም በአገራችን የአምላክ ቤት በር እንዲህ ነው የሚከበረው ብለው አስረዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥቶ ገብቶ ውኃ በኩባያ አመጣልኝና ከውስጥ በኩል ጥላው ሥር እንድቀመጥ አመለከተኝ። መስጊድ የገባሁት እንዲህ ነው፣ በገዛ ከንፈሬ።

ማሊንዲ ደግሞ ሌላ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን መቃብሮች መካከል፣ ባሕሩን እያየች ቆማለች፤ የአንድ ሰው ሳሎን አታክልም። ሁለታችንም ሳንነጋገር ከአጥሩ በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። የጠባቂው ልጅ ይሁን የልጅ ልጅ፣ አንድ ጎልማሳ፣ ከነጫማው ሆኖ ምን ጠፍቷችሁ ነው አለን። እዚያ ከነጫማ ነው የሚገባው። ጋሽ ጀማል የእግዜር ቤት ነው ብለው መለሱለት። ሰውዬው የገዛ ጫማውን አየ፣ አፈረና አወለቀ፤ ከዚያ በጋለው አሸዋ ላይ እንደ ቁራ እየዘለለ ቆየ።

እዚያ ጋሽ ጀማል ቀኙን ግማሽ ጠርገው ሲቀመጡ ትንፋሻቸው ቶሎ አልተመለሰም። እኔም ቤተ ክርስቲያን አይደል ብዬ፣ መጥረጊያውን ከእጃቸው ወስጄ ግራውን ጠረግሁ። ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር፣ ስለቱ የእሳቸው ክንድ ነውና። ግን ደስ አላቸው። ቀኙ የእኔ፣ ግራው ያንቺ፣ አምላክ አንድ ላይ አድርጎ ያየዋል አሉኝ። ሲያመሰግኑኝ ያን ቀን ሰማኋቸው።

ከዚያ ሞምባሳ። የሕንዶቹ መቅደስ ቀለሙ ከሩቅ ይጣራል። ደወል ይሰማል፣ ቢጫ አበባ ደጁ ላይ ተጎንጉኖ ተሰቅሏል፣ ከውስጥ ምስሎቹ ይታያሉ። ግቢው በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ መሐሉ ላይ ትልቅ ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል። ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት ግቢው ውስጥ ተቀበሉን፤ እኔ ከዚያ አላለፍኩም። ጋሽ ጀማል ነገሩን ሲያስረዷቸው ሴትዮዋ አንድም ነገር አላስታወሱም፤ ስንቱን አብልተው ስንቱን ያስታውሱ? ብቻ ገብተው ሩዝና ምስር በብረት ሰሃን ይዘው ወጡ። ጋሽ ጀማል ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እያገላበጡ አዩትና አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ለእኔም መጣልኝ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መለስኩት። ረቡዕ ነበር፣ ምግቡም የጾም ነበር፣ ምክንያት አልነበረኝም።

መጥረግ ጀመሩ። ቀኙን ግማሽ በቀስታ፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ ቅጠል በቅጠል ጨረሱት። ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው። ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ፤ ለመነሣት ሁለቴ ሞክረው ጉልበታቸው እምቢ አለ። ከዚያ ዞረው አዩኝ። ያን ጣታቸውን እንደሚዘረጉት መጥረጊያውን ዘረጉልኝ።

«አልችልም ጋሽ ጀማል» አልኳቸው። «ጣዖት ያለበት ግቢ አልጠርግም።»

እጃቸው ትንሽ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ መጥረጊያውን ወደ ራሳቸው መለሱት። «እሺ» አሉ፤ «አንቺም የእምነትሽ ሰው ነሽ።» አሮጊቷ፣ ሠራተኛ ልጥራ ቢሏቸው፣ እንቢ አሉ። መጥረጊያውን በግቢው መሐል፣ ለእሳቸው ብቻ በሚታያቸው መስመር ላይ አጋድመውት በእኔ ትከሻ ተደግፈው ወጡ። ታክሲው ውስጥ ሆኜ ዞር ስል በጠረጉት ግማሽ ላይ ቅጠል እየወደቀ ነበር።

ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ስለት፣ አንድ የግቢ ግማሽ ቀረው። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሰውን ለማስደሰት እምነቴን አላፈርስም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ አውሮፕላን ላይም፣ ቤቴም፣ ቅዳሴ ቆሜም ያንኑ እላለሁ። ግን እኮ እሳቸው ስገጂ አላሉኝም። ጥረጊ ነው ያሉኝ። በየቀኑ በኤደን ፕሬሪ የማላውቃቸውን ሰዎች መጸዳጃ ቤት የማጥብ ሴት፣ ለእሳቸው አንድ ግቢ ከበደኝ።

ጋሽ ጀማል ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዘንድሮ በጥር ሴንት ፖል ከተማ ሆስፒታል ገቡ። ከሥራ መልስ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ አልጋው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ጠርዝ በጣታቸው ፈትሸው ለነርሷ ያሳያሉ፣ ሀዊ ታፍራለች። አንድ ቀን ሀዊ ወጣ ስትል እግራቸው ሥር ተቀምጬ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ስለ ምን ብለው አልጠየቁኝም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

«ግማሹን ስጨርስ ቁጭ ብዬ ማረፍ ልማዴ አይደል?» አሉኝ። «ጀማል እያረፈ ነው በይ።»

ሐሙስ ቀበርናቸው። ዓርብ ሥራ ገባሁ፤ ሎቢው ውስጥ ወንበራቸው እንደቆመ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የንስሐ አባቴ ጋ ደውዬ የቀረውን ግማሽ ልጥረገው ወይ ብዬ ልጠይቃቸው ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እንቢ ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፤ እሺ ቢሉኝ ደግሞ ያን ቀን ለምን እንቢ እንዳልኩ መልስ አጣለሁ። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ከፕሊማውዝ ከተማ አለፍ ብሎ አንድ የሕንዶች መቅደስ አለ፤ በመንገዱ ስመላለስ ጉልላቱን ከሩቅ አያለሁ፣ ፊቴንም አዞራለሁ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ነበር፣ ገና አልጠረጉትም። መኪናዬን አቁሜ ከትራንክ አካፋዬንና መጥረጊያዬን አወጣሁ፤ የሚኒሶታ ሰው ያለ አካፋ አይሄድም። ከበሩ ፊት ያለውን ሰፊ ደረጃና መተላለፊያ በዓይኔ ለሁለት ከፈልኩት። መስመሩ፣ ይገርማችኋል፣ ታየኝ።

ሁለቴ ሦስቴ እንደዛቅሁ ወፍራም ጃኬት የደረበ ወጣት ሕንድ ወጣ። ከየትኛው ካምፓኒ ነው የመጣሽው አለኝ፣ በረዶ የሚያነሣልን ሰው አለን እኮ። ከማንም አልመጣሁም አልኩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ ሞምባሳው መቅደስ፣ ስለ ሰባቱ ቀን፣ ስለ ሰሃኑ፣ ስለ አንድ ሰው ነገርኩት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝና፣ ያ ግን እኛ አይደለንም፣ ሌላ አገር ነው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት፤ እነሱም እሱን ማን ነህ አላሉትም። ትንሽ አሰበና በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶልኝ ገባ።

ግራውን ጠረግሁ። በቀስታ፣ ደረጃ በደረጃ። ከመድረኩ አጠገብ ያለውን ጎንበስ ብዬ በእጄ አነሣሁት። ስጨርስ ጣቴን በደረጃው መደገፊያ ጠርዝ ላይ አስኬድኩና አየሁት። ከዚያ አካፋዬን ይዤ ወደ መኪናዬ ስሄድ ልጁ ከኋላዬ ተጣራ። ቀኙ በኩል በረዶው እንደ ተቆለለ ነበር። ይሄን ግማሽ ረሳሽው አለኝ።

«እሱን ጋሽ ጀማል ጠርገውታል» አልኩት፣ በአማርኛ።